ምራቂው መጥረቢያ

ሁለት አሮጌ መጥረቢያዎች ገዝቼ፣ ሂሳብ ከፍዬ ልሄድ ስል ሻጩ ጎንበስ አለና ከጠረጴዛው ሥር አንድ የዛገ ብረት አወጣ። የገዛኋቸውን በጋዜጣ ጠቅልሎልኛል። ይህኛውን ግን ሳይጠቀልል እላያቸው ላይ ጣል አደረገው። «ይሄ ምራቂ ነው» አለኝ። «ሌላው ቢቀር በር ያቆምልሃል።»

ብረቱ ድሮ መጥረቢያ ነበር። አሁን ከዛቢያው ቀዳዳ እስከ ስለቱ ያለው ርቀት ሦስት ጣት አይሞላም። ስለቱ ወደ አንድ ጎን ተንጋዷል። ጀርባው ከመደብደብ ብዛት ተደፍጥጦ ጠርዙ ወደ ውጭ ተቀልብሷል። የሠሪ ማህተም የለውም። ሰብሳቢ የማይፈልገው ነገር ሁሉ ተሟልቶለታል። በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ በወደቀ ምሳር ምን እንደሚበዛበት ግን የነገረን የለም።

ቤት ገብቼ ሁለቱን ወለወልኩ፣ ዘይት ቀባሁ፣ መደርደሪያው ላይ ቦታ ሰጠኋቸው። ምራቂውን በተባለው መሠረት በር ሥር አኖርኩት። ችግሩ፣ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ እሱ ላይ ያርፋል። መጀመሪያ አስቀያሚነቱ ነው ብዬ ነበር። እየዋለ እያደረ ግን ሌላ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። መደርደሪያው ላይ ካሉት አንዱም እንዲህ አላለቀም። መጥረቢያ ደግሞ እየሠራ የሚያልቅ ዕቃ ነው። ታዲያ የእኔዎቹ ለምን አላለቁም?

መደርደሪያው

ስለ መደርደሪያው ጥቂት ልበል። የሀብታም ስብስብ አይደለም። አብዛኞቹ የፋብሪካ መጥረቢያዎች ናቸው፤ ከነሱም የሚበዙት በ1826 በአሜሪካ ኮነቲከት ከተቋቋመው ከኮሊንስ ኩባንያ የወጡ። በዚያ ዘመን መጥረቢያ የገዛ ሰው ስለቱን ራሱ ነበር የሚያወጣው። ኮሊንስ ተስሎ ያለቀ መጥረቢያ አቀረበና ስም አገኘ። ስሙን የሚሰርቁ ስለበዙበት «ሌጂቲመስ»፣ ማለትም «ሕጋዊው»፣ የሚል ቃል ያለበት ማህተም መምታት ጀመረ። በ1966 ተዘጋ። ማህተሙ ግን እስካሁን ሰብሳቢን ከእንቅልፉ ይቀሰቅሳል።

አንድ የተወለወለ የድንጋይ መጥረቢያም አለኝ። ከአሮጌ ስብስብ የወጣ ነው። ጎኑ ላይ በቀለም የተጻፈ ቁጥርና የተገኘበት ቦታ ስም አለበት። ከአምበር፣ ማለትም ከደነደነ የጥንት ዛፍ ሙጫ የተሠራች፣ ሁለት ስለት ያላት ትንሽ የአንገት ጌጥም አለች። እሷ እንኳ ኮፒ ናት። ዴንማርክ ውስጥ የሚገኙት እውነተኛዎቹ 5,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው፤ እኔ ጋ ሊመጡም አይገባም።

ከዚያ ደግሞ የመጥረቢያ ምስል ያለባቸው ጥቃቅን ነገሮች አሉ። የምወዳት ከ1916 እስከ 1945 የተመታችው የአሜሪካ 10 ሳንቲም ናት። ጀርባዋ ላይ በበትር ጥቅል ውስጥ የተሸጎጠ መጥረቢያ አለ። ምልክቱ የሮም ነው። የሮም ሹማምንት ሲሄዱ ይህን ጥቅል የተሸከሙ አጃቢዎች ይቀድሟቸዋል። ከተማዋ ክልል ውስጥ ሲገቡ ግን መጥረቢያው ከጥቅሉ ይወጣል። ሹሙ እዚያ ውስጥ ዜጋን እንዳሻው መግደል አይችልም፤ ሰውየው ለሕዝብ ይግባኝ የማለት መብት አለው። አምባገነን ሆኖ የተሾመ ብቻ መጥረቢያውን ይዞ ይገባል። አንድ መጥረቢያ ምንም ሳይቆርጥ እንዲህ ያህል ማውራቱ ይገርመኛል።

አናጺው

መደርደሪያው ክብደቱ በዝቶበት ስለጎበጠ አንድ አዛውንት አናጺ ጠራሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ስብስቤን አይተው እንዲደነቁልኝ ፈልጌ ነበር። ዕድሜ ልኩን እንጨት ያነጸ ሰው ያልተደነቀ ማን ይደነቃል?

አንድ በአንድ አሳየኋቸው። በትሕትና አዩ። «ጥሩ ነው» አሉ። «ጥሩ ነው፣ ንጹሕ ነው።» እንግዳ ያልጣመውን ቡና እንደሚያመሰግነው ዓይነት ነበር። ከዚያ የመደርደሪያውን እግር ለመለካት ወደ በሩ ዞር ሲሉ ምራቂው እግራቸውን መታቸው።

ጎንበስ ብለው አነሱት። መሣሪያቸውን መሬት አስቀመጡ። አውራ ጣታቸውን በስለቱ ጎን ቀስ አድርገው አሳለፉ።

«ጋሼ፣ እሱ እንኳ ምራቂ ነው» አልኳቸው፣ እንዳይታዘቡኝ ብዬ።

አልሰሙኝም። ወደ መስኮቱ ሄደው ብርሃን ላይ ያዙት። «ይሄ ሠርቷል» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ለእኔ ዞረው፣ «ና እስቲ ልጄ፣ እየው።»

የላይኛውን የስለት ማዕዘን አሳዩኝ። ከታችኛው ይልቅ እሱ ክብ ሆኖ አልቋል። ግንድ መሬት ላይ አጋድመህ ስትመታ፣ ምቱ ካለፈ አፈርና ድንጋይ የሚነካው እሱ ጫፍ ነው አሉ። ድንጋይ ሲነካ ጥርስ ያወጣል። ጥርሱን ለማጥፋት ትሞርደዋለህ። በሞረድክ ቁጥር ይቀንሳል። ቀጥለው ሁለቱን ጎኖች አነጻጸሩ። አንዱ ጎን ከሌላው በጣም ተሞርዷል። «ሲስለው ሁልጊዜ ባንድ እጁ፣ ባንድ አቀማመጥ ነው። መገልበጥ ይሰለቸዋል። እኔም እንደዚያው ነኝ።» የተደፈጠጠውን ጀርባ ነኩ። «በዚህ ደግሞ የብረት ሽብልቅ ይመታበት ነበር። መዶሻ መሸከም አልፈለገም። ይሄ መጥረቢያውን ይጎዳል። ቢያውቅም አድርጎታል።»

ሙያ በልብ ነው የሚባለው ለካ ለዚህ ነው። ያንን ሁሉ ንጹሕ ብረት ሳሳያቸው ምንም ያላሉት ሰውዬ፣ አንድ ቁራጭ ይዘው ስለማያውቁት ሰው ይነግሩኝ ጀመር።

«ኮምጣጤ አለህ?» አሉኝ ቀጥለው።

ከሳጥናቸው ብርጭቆ ወረቀት አወጡና አንዱን ጎን ዝገቱ ለቆ ብረቱ እስኪታይ ፈገፈጉ። ኮምጣጤውን በጨርቅ ነክረው ቀቡት። ትንሽ ጠበቅን። ምን እንደምንጠብቅ እኔ አውቃለሁ፤ ከጽሑፍ አውቀዋለሁ። በገዛ ዕቃዬ ላይ ግን አድርጌው አላውቅም። የድሮ አንጥረኛ መጥረቢያውን በሙሉ ከአረብ ብረት አይሠራም ነበር። ውድ ነው። አካሉን ከለስላሳ ብረት ቀጥቅጦ አጥፎ፣ ስለቱ ላይ ብቻ የአረብ ብረት ቁራጭ በእሳት ያጣብቃል። ለስላሳው ምቱን ይችላል፣ ጠንካራው ይቆርጣል። አሲድ ሲነካቸው አረብ ብረቱ ይጠቁራል፣ ለስላሳው ነጣ ብሎ ይቀራል። መጋጠሚያው መስመር ሆኖ ይታያል።

መስመሩ ወጣ። ግን አንድ አልነበረም። ሁለት ነበር።

አንዱ ወደ ውስጥ ገባ ያለ፣ ቀጭን ጥቁር ቅሪት ነው። ሌላው ከእሱ በላይ የተደረበ ነው፤ ሰፋ ያለ፣ ግን እሱም ሊያልቅ የደረሰ። በተበላው ማዕዘን በኩል ጭራሽ የለም። እዚያ ጋ ስለቱ ለስላሳ ብረት ብቻ ሆኗል።

አናጺው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ካዩ በኋላ፣ «የመጀመሪያው ሲያልቅ አንጥረኛ ጋ ወስዶ ሁለተኛ አስገጥሞለታል» አሉ። «መጥፎ መጥረቢያ ቢሆን ይጥለው ነበር። ለመጥፎ ነገር ማን ሁለት ጊዜ ያወጣል? ከዚያ ሁለተኛውንም ጨረሰው።» ቀና ብለው መደርደሪያውን በአገጫቸው አመለከቱኝ። «እነዚህስ? ምን በድለው ነው ያልሠሩት?»

ከሥራ ያመለጡት

ሳቅሁ። መልስ ስላልነበረኝ ነው። ማታ ግን ጥያቄው አላስተኛኝም። በዓለም ላይ ስማቸው የሚጠራ መጥረቢያዎችን አንድ በአንድ በሐሳቤ አገላበጥኩ። አብዛኞቹ ግንድ ነክተው አያውቁም።

የማሜን መጥረቢያን እንይ። በ1868 ዴንማርክ ውስጥ ከአንድ የመቃብር ጉብታ ወጣ። የመቃብሩ ክፍል የተሠራበት እንጨት ከ970 ወደ 971 በሚያሸጋግረው የብርድ ወራት እንደተቆረጠ ከግንዱ ቀለበቶች ታውቋል። መጥረቢያው ብረት ነው። አንዱ ጎኑ ላይ ወፍ፣ ሌላው ላይ ሐረግ በብር ክር ተጠልፎበታል። ያንን ይዞ ማገዶ የሚፈልጥ የለም። ቻይና ውስጥ ደግሞ በ1976 የተከፈተው የፉ ሃኦ መቃብር አለ። ፉ ሃኦ ከ3,200 ዓመት ገደማ በፊት የኖረች የንጉሥ ሚስትና የጦር አዛዥ ናት። ከመቃብሯ ከወጡት የነሐስ መጥረቢያዎች አንዱ 9 ኪሎ ይመዝናል። 9 ኪሎ ስንት ጊዜ ወደ ላይ ይነሳል? ሥልጣን ለማሳየት ግን አንድ ጊዜ ይበቃል። የቀርጤስ ደሴት አርካሎኾሪ ዋሻ በ1934 ሲቆፈር፣ ከወርቅ ቆርቆሮ የተሠሩ ባለሁለት ስለት መጥረቢያዎች ወጥተዋል። በጣት የሚታጠፉ ስሶች ናቸው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ጄድ የተባለው የአልፕስ ተራሮች ድንጋይ ነው። ከ6,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች ጣሊያን ውስጥ ወደ ሞንቴ ቪዞ ተራራ ይወጡ ነበር፣ ከ2,000 ሜትር በላይ። አረንጓዴ ድንጋይ ፈልጠው ያወርዳሉ። ድንጋዩ በጣም ጠንካራ ነው፤ አንዱን ለመወልወል ብዙ ቀን ይፈጃል። የተወለወሉት መጥረቢያዎች ከእጅ ወደ እጅ እያለፉ እስከ ስኮትላንድና አየርላንድ ደርሰዋል። ብዙዎቹ ስለታቸው ምንም አልተነካም። አንዳንዶቹ ከመሳሳታቸው የተነሳ አንድ ጊዜ ቢመቱ ይሰበራሉ። ይህን የድንጋይ ምንጭ ፈልገው ያገኙት ፒየር ፔትሬካንና ባለቤታቸው አን ማሪ ናቸው። ወደ አልፕስ ከመውጣታቸው በፊት ኒው ጊኒ ሄደው፣ በዘመናችንም ድንጋይ እየፈለጡ መጥረቢያ የሚሠሩ ሰዎች ጋ ተቀምጠው ተምረዋል። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። መጽሐፍ ከማገላበጣቸው ይልቅ የሚሠራ ሰው ጋ መቀመጣቸው።

የፈረንሳይ ብሪታኒ ደግሞ እንቆቅልሽ ናት። ከ2,600 ዓመት በፊት አካባቢ፣ የነሐስ ዘመን ሊያልቅ ሲል፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ መጥረቢያዎች ጉድጓድ ውስጥ ተደርድረው ተቀብረዋል። ብዙዎቹ እርሳስ በዝቶባቸዋል፤ ለመቁረጥ በጣም ለስላሳ ናቸው። ስለታቸው አልተሳለም። አንዳንዶቹ ነሐሱ ሲፈስ ቀዳዳ እንዲተው የገባው የሸክላ ማዕከል እንኳ ከውስጣቸው አልወጣም። ምናልባት ገንዘብ ነበሩ፣ ምናልባት ለአማልክት የቀረቡ ስእለት። መጥረቢያ ለመምሰል ብቻ የተሠሩ መጥረቢያዎች።

እዚህ ላይ ነገሩ ገባኝ። የሠራ ብረት አይተርፍም። በተሞረደ ቁጥር ይቀንሳል፤ ሲያልቅ አንጥረኛ እሳት ውስጥ ከቶ ቢላ ወይም ማጠፊያ ያደርገዋል። ነሐሱም ይቀልጣል። ከሥራና ከእሳት አምልጦ እኛ ዘንድ የሚደርሰው መቃብር የገባው፣ ዋሻ የተሸሸገው፣ መጋዘን የተረሳው ነው። ከዚያ እኛ እሱን ዓይተን «ጥንት መጥረቢያ እንዲህ ነበር» እንላለን። አልነበረም። ጥንት መጥረቢያ እንደ በሬ ሠራተኛ ነበር።

ኧትዚ ለዚህ ነው የሚለየው። በ1991 በአልፕስ በረዶ ውስጥ የተገኘው የ5,300 ዓመት ሰው። በረዶ ላይ ሲሞት መጥረቢያው አብሮት ነበር። የመዳብ ስለቱ 9.5 ሴንቲ ሜትር ያህላል። ዛቢያው 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ዪው ከተባለ ዛፍ የተሠራ እንጨት ነው። ማጣበቂያው ሙጫ፣ ማሰሪያው ቆዳ፣ ሁሉም በቦታው አለ። ስለቱ ላይ የሥራና የመሳል ምልክት ይታያል። መዳቡ ከደቡብ ቶስካና ማዕድን እንደሆነ ተመርምሮ ታውቋል፤ እሱ ከሞተበት ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይርቃል። ይህ መጥረቢያ ከሥራ አላመለጠም። ባለቤቱ ነው ሥራው መሃል የቀረው።

ድንጋይ ላይ ግን ታሪኩ ይገለበጣል። ድንጋይ አይቀልጥም። ያለቀው፣ የተሰበረው፣ የተጣለው ሁሉ እዚያው ነው። ኮንሶ የተገኙት የእጅ መጥረቢያዎች እስከ 1.75 ሚሊዮን ዓመት ድረስ ይሄዳሉ፤ ኬንያ ውስጥ ምዕራብ ቱርካና ያሉት ደግሞ 1.76 ሚሊዮን። ብዛታቸው ራሱ ጉዳት ሆነባቸው። በ1797 ጆን ፍሬር የተባለ እንግሊዛዊ ሆክስን በምትባል ቦታ ከሸክላ ጉድጓድ የወጡ የባልጩት መጥረቢያዎችን አይቶ በጣም ጥንታዊ ናቸው ሲል ጻፈ። እሱ ከመድረሱ በፊት ሠራተኞቹ በቅርጫት እያፈሱ የመንገድ ጉድጓድ ይሞሉባቸው ነበር። ደብዳቤው በ1800 ታተመ። ለ60 ዓመት ያህል ሰሚ አላገኘም።

ጣትና ማይክሮስኮፕ

አናጺው በአውራ ጣት ያደረጉትን ሰርጌይ ሴሜኖቭ የተባለ የሶቪየት ተመራማሪ በማይክሮስኮፕ አድርጎታል። በ1957 ሥራውን ሲያሳትም፣ የድንጋይ መሣሪያ ለምን እንደዋለ ከቅርጹ ሳይሆን ከጭረቱና ከተወለወለው ገጽ ሊነበብ እንደሚችል አሳየ። እንጨት፣ ቆዳና አጥንት የተለያየ ምልክት ይተዋሉ። ከዚያ ወዲህ ያለው የአርኪዮሎጂ ትውልድ ራሱ ድንጋይ እየሠራ፣ እየቆረጠ፣ ከዚያ በማይክሮስኮፕ እያየ ያነጻጽራል። ከአናጺው ጋር ቢገናኙ ጥሩ ወሬ ይወጣቸው ነበር።

ብረት ግን ሁሉን አይናገርም። ይህን የማልረሳው በአንድ የአውስትራሊያ ታሪክ የተነሳ ነው። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ሎሪስተን ሻርፕ በ1952 ዪር ዮሮንት ስለሚባሉ የአገሪቱ ነባር ሕዝቦች ጻፈ። እነሱ ዘንድ የድንጋይ መጥረቢያ የሽማግሌዎች ንብረት ነበር። ድንጋዩ የሚመጣው በስተደቡብ 640 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቅ ቦታ፣ በለውጥ፣ ከሰው ወደ ሰው ነው። ማገዶ የምትፈልጠው ሴት መጥረቢያውን ከባሏ ወይም ከዘመዷ መዋስ አለባት። በተዋሰች ቁጥር ማን ታላቅ፣ ማን ታናሽ እንደሆነ ይታወሳል። ከዚያ ሚሲዮኖች የብረት መጥረቢያ ይዘው መጡ። ለሴቱም ለወጣቱም አደሉ። አንዳንድ ሽማግሌዎች ከሴቶችና ከልጆች መዋስ ጀመሩ። የዝምድናው ሥርዓት ከሥሩ ተናጋ። ከእነዚያ የብረት መጥረቢያዎች አንዱ ዛሬ መደርደሪያዬ ላይ ቢቀመጥ፣ በኮምጣጤ ባጥበው ይህ ሁሉ አይወጣም። ሰው ካልጻፈው የለም።

ስለዚህ ጎኑ ላይ በቀለም ቁጥር የተጻፈበት የድንጋይ መጥረቢያዬ አሁን ከበፊቱ የበለጠ ይከብድብኛል። ድሮ ያ ጽሑፍ ውበቱን ያበላሽበታል ብዬ አስብ ነበር። አሁን ጽሑፉ ቢጠፋ ከድንጋዩ ምን እንደሚቀረኝ አላውቅም።

ገበያው

ገበያው በተቃራኒው ይሄዳል። ከፍተኛው ዋጋ ላልተነካው ነው። የወረቀት መለያው ያልተላጠ፣ ቀለሙ ያልለቀቀ፣ ዛቢያ እንኳ ያልገባለት። ኬሊ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ የሠራው፣ ቁራ የተቀረጸበት «ብላክ ሬቨን» ሲገኝ ሰብሳቢዎች ይሻማሉ። እኔም ባገኝ እምቢ አልልም፤ ለምን እዋሻለሁ። ግን ሁላችንም ያልሠራውን ስንፈልግ፣ ሻጩ የሠራውን ያልሠራ ለማስመሰል ይሞክራል። ግራይንደር አንስቶ እስኪያብረቀርቅ ይፍቀዋል። ስለቱ ላይ ሰማያዊ ቀለም ካያችሁ ብረቱ ወደ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ግሏል ማለት ነው፤ ጥንካሬው ሄዷል። ከጥንካሬው በፊት ደግሞ አናጺው ያነበቡት ዓይነት ታሪክ ሄዷል። ሞረዱ፣ ጥርሱ፣ የባለቤቱ ስንፍና፣ ሁሉም ብናኝ ሆኗል።

ጭራሽ የፈጠራ ዕቃም አለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ «ፍሊንት ጃክ» በሚል ቅጽል ስም የሚታወቀው ኤድዋርድ ሲምፕሰን የባልጩት መጥረቢያና የቀስት ጫፍ እየሠራ የጥንት ነው ብሎ ለሰብሳቢዎችና ለሙዚየሞች ሸጧል። ከተጋለጠ በኋላ በ1862 ለንደን ውስጥ የጂኦሎጂ ሰዎች ስብሰባ ላይ ቆሞ እንዴት እንደሚሠራቸው በአደባባይ አሳየ። ያታለላቸው ሰዎች ፊት ማለት ነው። ዛሬ የእሱ ሥራዎች ራሳቸው ሙዚየም ውስጥ ይቀመጣሉ። አስመሳይም ሲያረጅ ቅርስ ይሆናል መሰለኝ።

ለጥንታዊዎቹ ግን ቀልድ የለኝም። ቀዳዳው ውስጥ አፈር ያለበት የነሐስ መጥረቢያ ቀርቦልኝ ያውቃል። ከየት ነው ስል «ከድሮ ስብስብ» አለኝ። የማን ስብስብ? ዝም። ያ አፈር አዲስ ነው። አንድ ሰው በቅርቡ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ከጎኑ የነበረውን ሁሉ በትኖ አውጥቶታል። የቅርስን ሕገወጥ ዝውውር የሚከለክለው የዩኔስኮ ስምምነት የወጣው በ1970 ነው። ብዙ ሙዚየሞች ከዚያ በፊት ከአገሩ መውጣቱን የሚያሳይ ወረቀት ወይም ሕጋዊ የመውጫ ፈቃድ ካልቀረበ አይገዙም። እኔ ሙዚየም አይደለሁም፣ ግን መስፈርቱን ወስጃለሁ። የፋብሪካ መጥረቢያ ላይ ይህ ችግር የለም። ለዚህም ይመስለኛል ያለቁ የፋብሪካና የአንጥረኛ መጥረቢያዎችን መፈለግ የጀመርኩት። ርካሽ ናቸው፣ ማንም አይሻማቸውም፣ አይቀበሩም። ሻጮች ቁራጩን ለይቼ ሳነሳ የተሳሳትኩ ይመስላቸዋል።

ሦስተኛው ብረት

አናጺው መደርደሪያውን ጨርሰው ሊሄዱ ሲሉ አንድ ሐሳብ አመጡ። የሚያውቁት አንጥረኛ አለ። ምራቂው ላይ ሦስተኛ ብረት ሊያስገጥምለት ይችላል። ዛቢያውን እሳቸው ይሠሩለታል። «ገና ይሠራል» አሉ።

እኔ እምቢ አልኩ። እሳት ውስጥ ከገባ፣ መዶሻ ካረፈበት፣ ያሳዩኝ ነገር ሁሉ ይጠፋል። የላይኛው ማዕዘን፣ የተሞረደው ጎን፣ ምናልባትም ሁለቱ መስመሮች። የሙዚየም ሰዎች ደንብም አለ አልኳቸው፤ ወደ ነበረበት የማይመለስ ነገር አይደረግም።

«ሙዚየም እንጨት አይፈልጥማ» አሉ።

«ልክ ነው ጋሼ።»

«ባለቤቱ ቢኖር ምን ያደርግ ነበር?»

ይሄን አውቃለሁ። አንጥረኛ ጋ ይወስደው ነበር። አንድ ጊዜ አድርጎታል። እንዲያውም ለዕቃው ታማኙ እሳቸው ናቸው፣ እኔ አይደለሁም ብትሉኝ ብዙ አልከራከርም። ልዩነታችን፣ ባለቤቱ እንጨት ነበረው፣ እኔ የለኝም። እኔ የምፈልገው ሰውዬውን ነው፤ ሰውዬው ደግሞ ያለው በዚያ በተበላው ብረት ውስጥ ብቻ ነው። አናጺው ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። መስማማት አይመስለኝም።

ባዶ እጃቸውን ግን አልሸኘኋቸውም። ከኮሊንሶቹ አንዱን፣ ተመሳሳዩ ያለኝን፣ ከመደርደሪያው አውርጄ ሰጠኋቸው። ዕድሜ ልኩን እንጨት ያልነካ ነው። የማውቀው ሰብሳቢ ወዳጄ ሲሰማ ለሁለት ቀን ስልኬን አላነሳም። አናጺው ዛቢያ ገጠሙለት፣ ሽብልቁን መቱለት፣ ሥራ አስገቡት።

በቀደም ደወሉልኝ። አንድ አሮጌ ሳንቃ ውስጥ የተደበቀ ሚስማር ላይ አርፎ ጥርስ አውጥቷል። «ሞርጄዋለሁ፣ ደህና ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ደስተኛ ነበር። እኔም ደስ አለኝ። ስልኩን እንደዘጋሁ ግን ዋጋው በስንት እንደቀነሰ ማስላት ጀመርኩ።